ቃል አማና ነው
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው እንዲሁም እስከ ዕለተ ትንሣኤ ድረስ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ዛሬ ስለ ምላስ እንነጋገራለን። ስለ ምላስ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሐሜት፣ ውሸትና ስድብ ነው። እነዚህ ከባድ ወንጀሎች መሆናቸው አያጠያይቅም። ኢማም አል-ገዛሊይ «ኢሕያኡ ዑሉሚድ-ዲን» በተሰኘው መጽሐፋቸው የምላስን አደጋዎች ዘርዝረው 20 አድርሰዋቸዋል። ዛሬ የምናነሳው ሰው ግን ሐሜተኛም ውሸታምም አይደለም። ልቡ ቅን ነው፤ ሐሳቡም መልካም ነው። ሆኖም ቃሉን ስለማይመርጥ፣ ማለት የፈለገውን በግልጽ ስለማይናገር ብቻ ወንድሙን ያጣል፤ ትዳሩን ያናጋል፤ የሰው ሐቅ በአንገቱ ላይ ይቀራል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ምን ያህል ብዙ እንደሆነ ለማወቅ በየመስጂዱ ለሽምግልና የሚቀርቡትን ጉዳዮች ማዳመጥ ይበቃል። «እኔ እንዲህ ማለቴ አልነበረም» የሚለው ቃል የማይሰማበት ሽምግልና የለም ማለት ይቻላል።

1. ንግግር የሚነገረው እንዲገባ ነው

ንግግር በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ወደ ሌላው ልብ ማድረሻ ነው። ሐሳቡ ካልደረሰ፣ ወይም በመንገድ ላይ ሌላ ሐሳብ ሆኖ ከደረሰ፣ ቃሉ ምንም ቢያምር ሥራውን አልሠራም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኢብራሂም (14፥4) መልእክተኞቹን በየሕዝቦቻቸው ቋንቋ እንደላከ ይነግረናል። ምክንያቱንም አብሮ ገልጾታል፤ ለሰዎቹ እንዲያብራሩላቸው ነው። ነብዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ያን እብሪተኛ ፊርዐውንን እንዲጋፈጡ በታዘዙ ጊዜ ምን እንደለመኑ እናስታውስ። ጦር ሠራዊት አልጠየቁም። ደረታቸው እንዲሰፋ፣ ጉዳያቸው እንዲገራላቸው፣ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታና ሰዎቹ ንግግራቸውን እንዲረዱ ነበር የለመኑት (ጣሃ 20፥25-28)። ወንድማቸው ሃሩን (ዐ.ሰ) በአንደበት ከእርሳቸው የቀና ስለነበርም አብሯቸው እንዲላክ ጠየቁ (አል-ቀሰስ 28፥34)። የአላህ ነብይ የሚናገሩት ሐቅ መሆኑን እያወቁ፣ ሐቁ እንዲገባ ቃል ማማር እንዳለበትም ያውቁ ነበር።

የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አነጋገርም ይህንኑ ያስተምረናል። ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ረሱል ሲናገሩ፣ ቃላቱን ልቁጠር የሚል ሰው ቢኖር መቁጠር ይችል ነበር። አነስ (ረ.ዐ) ደግሞ አንድን ነገር በደንብ እንዲገባ ሦስት ጊዜ ይደጋግሙት እንደነበር አውስተዋል። የመጀመሪያውን ቡኻሪና ሙስሊም፣ ሁለተኛውን ቡኻሪ ዘግበውታል። እኛስ? በአንድ ትንፋሽ አሥር ጉዳይ እንዘረግፍና አድማጩ ሲደናገር «አልሰማኸኝም እንዴ!» ብለን እንቆጣለን።

ይህ ነገር ከሁሉ በፊት እኛን፣ ዲን እናስተምራለን የምንለውን ይመለከታል። ዐሊይ (ረ.ዐ) ለሰዎች በሚያውቁት ልክ እንድንነግራቸው መክረዋል። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) በበኩላቸው ከአእምሯቸው በላይ የሆነን ነገር ብትነግሯቸው ለአንዳንዶቹ ፈተና ይሆንባቸዋል ሲሉ አስጠንቅቀዋል። ከገጠር ለመጡ እናት ስለ «ሙፍሲዳቱስ-ሰውም» ስናወራላቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡን ይሆናል። የፈለጉት ግን «ጾምን የሚያበላሹ ነገሮች» የሚለውን ነበር። ዐረብኛው ክቡር የቁርኣን ቋንቋ ነው፤ ሆኖም ለማስተማር ሲሆን ትርጉሙ አብሮት ይምጣ። የአገራችን ዑለሞች ይህን ቀድመው አውቀውታል። ሸኽ ጦልሐ ኢብኑ ጃዕፈርን የመሰሉ የወሎ ሊቃውንት የዐረብኛ ባሕር ሆነው ሳለ በአማርኛ መንዙማ ገጥመው፣ በዐረብኛ ፊደል ዐጀም ጽፈው ሕዝቡን በሚገባው ቋንቋ አስተምረዋል። በ1961 ዓ.ም. የታተመው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉምም የዚሁ ኒያ ፍሬ ነው።

2. ሁለት ፊት ያለው ቃል

ቃል ስለመምረጥ ከቁርኣን አንድ ድንቅ ትምህርት አለ። ሶሐቦች (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያስተምሯቸው «ራዒና» ይሏቸው ነበር። «ጠብቁን፣ ተመልከቱን» እንደ ማለት ነው። ቃሉ መጥፎ አልነበረም፤ የተናጋሪዎቹም ልብ ንጹሕ ነበር። ነገር ግን በመዲና የነበሩ አንዳንድ ተንኮለኞች ይህንኑ ቃል ምላሳቸውን ጠምዘዝ አድርገው ለስድብ ይጠቀሙበት ጀመር። በዚህ ጊዜ አላህ (ሱ.ወ) አማኞች ያን ቃል ትተው በምትኩ «ኡንዙርና» እንዲሉ አዘዘ (አል-በቀራህ 2፥104)። አዲሱ ቃል ያንኑ ትርጉም ይዟል፤ ለጠማማ ምላስ ግን በር አይከፍትም።

ውድ አድማጮች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። «ልባችን ንጹሕ ነው፤ የፈለገው እንደፈለገ ይተርጉመው» ማለት ቢበቃ ኖሮ ከሶሐቦች የበለጠ ንጹሕ ልብ ያለው ማን ነበር? ንጹሕ ልብ ላላቸው ሰዎች እንኳ «ቃሉን ቀይሩ» ተባሉ። ስለዚህ የቃል ኃላፊነት በኒያ ብቻ አያበቃም። ሰሚው ምን ሊረዳ እንደሚችል ማሰብም የተናጋሪው ግዴታ ነው።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ሰምና ወርቅ የምንወድ ሕዝብ ነን። አንዱን እያሉ ሌላውን ማለት በግጥምና በጨዋታ ላይ ውበት ነው። በብድር፣ በአደራ፣ በኒካሕና በውርስ ላይ ግን ሰምና ወርቅ የጠብ ዘር ነው። እዚያ ላይ የሚያስፈልገን አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ነው።

3. ገንዘብ ሲሰጥና ሲላክ

በብዙ ቤት የሚታወቅ አንድ ምሳሌ ላንሳ። አንዲት እህት ወደ ጂዳ ሄዳ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እንቅልፏን አጥታ ያገኘችውን በየሁለት ወሩ ለታላቅ ወንድሟ ትልካለች። በስልክ «ይኸው ላክሁ፤ እንግዲህ አንተ እንደሚሆን አድርገው» ትለዋለች። እርሱም «እሺ፣ አላህ ይጨምርልሽ» ይላታል። ከ4 ዓመት በኋላ ስትመለስ «ገንዘቤስ?» ትላለች። እርሱ ደግሞ ያዝናል፤ «ለቤተሰቡ ነው የላክሽው ብዬ የእናታችንን ቤት ቆርቆሮ ቀየርሁበት፤ ታናሻችንን አስተማርሁበት፤ በተረፈውም ከብት ገዛሁ» ይላታል። እርሷ ተዘረፍሁ ትላለች፤ እርሱ ስሜ ጠፋ ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሌባ የለም፤ ውሸታምም የለም። የጠፋው አንድ ቃል ነው። «እንደሚሆን አድርገው» የሚለው ቃል በእርሷ ልብ «አስቀምጥልኝ»፣ በእርሱ ልብ ደግሞ «ተጠቀሙበት» ነበር።

ሸሪዓችን ለእነዚህ ነገሮች የተለያየ ስምና የተለያየ ሑክም የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እስቲ በአጭሩ እንያቸው።

ስጦታ (ሀዲያ) ከሆነ፣ ተቀባዩ ከተረከበው በኋላ የራሱ ገንዘብ ነው፤ ዕዳ የለበትም።

ብድር (ቀርድ) ከሆነ፣ ተበዳሪው ቢያተርፍም ቢከስርም ያንኑ ያህል መመለስ አለበት። ገንዘቡ በእሳት ቢቃጠል እንኳ ዕዳው አይቃጠልም። አበዳሪው ደግሞ ጭማሪ ቢጠይቅ ወለድ ይሆንበታል።

አደራ (አማና) ከሆነ፣ ተቀባዩ ያለ ፈቃድ ሊነካው አይችልም። በደንብ ጠብቆት ሳለ ያለ ጥፋቱ ቢሰረቅ ግን አይከፍልም። ከብድር የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ሽርክና (ሙዷረባ) ከሆነ፣ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ሠሪው ሳያጠፋ ኪሳራ ቢመጣ የገንዘቡ ኪሳራ በባለ ገንዘቡ ላይ ነው፤ ሠሪው የሚያጣው ልፋቱን ነው።

ውክልና (ወካላ) ከሆነ፣ ማለትም «በዚህ ገንዘብ በስሜ ቦታ ግዛልኝ» ከተባለ፣ ወኪሉ ከታዘዘው ውጪ ሊያደርግበት አይችልም።

ተመልከቱ! ያው አንድ ዓይነት ገንዘብ፣ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ የሄደ፣ አብሮት በሄደው ቃል ምክንያት አምስት የተለያየ ሑክም አገኘ። ታዲያ «ያው ነው»፣ «የእኔ ያንተ ነው»፣ «በኋላ እንነጋገራለን» እየተባባሉ ገንዘብ መቀባበል ምን ያህል አደገኛ ነው! በተለይ አንደኛው ወገን የሞተ እንደሆነ ወራሾቹ ምን ብለው ይከፋፈሉ? ሟቹስ የሰው ሐቅ አንጠልጥሎ እንዴት ይሂድ?

ይህን እንዳንናገር የሚይዘን ይሉኝታ ነው። በወንድምና በእህት መካከል ገንዘብን በስሙ መጥራት እንደ ስስት፣ እንደ አለመተማመን ይቆጠራል። ግን ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ (አል-በቀራህ 2፥282) የወረደው ስለምን እንደሆነ እናውቃለን? ስለ ዕዳ ነው። ዕዳው ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው እንዲጻፍ፣ ምስክር እንዲቆም፣ ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፣ የሚያስጽፈውም ባለ ዕዳው እንዲሆን ነው። የመጨረሻው ነጥብ በጣም ጥልቅ ነው። ዕዳውን በራሱ አንደበት የተናገረ ሰው ነገ «እንዲህ አላልሁም» ለማለት ይቸገራልና። ይህ የወረደው ለሶሐቦች ነው። እርስ በርሳቸው ስላልተማመኑ ነውን? ሐሻ! መተማመናቸው እንዳይፈርስ ነው።

ስለዚህ ከስደት አገር ገንዘብ የምትልኩ እህቶችና ወንድሞች፣ ከገንዘቡ ጋር ቃል ላኩ። «ከዚህ ውስጥ 5 ሺህ ብር ለእናቴ አስቤዛ ነው። 20 ሺህ ብር አደራ ነው፤ ሳልነግርህ እንዳይነካ» በሉ። ይህንንም በስልክ የጽሑፍ መልእክት ላኩት፤ ይቀመጣል። የምትቀበሉም ዝም ብላችሁ «እሺ» አትበሉ። «እህቴ፣ ይህ ምን እንዲሆን ነው የላክሽው? ከቸገረን እንድንጠቀምበት ፈቅደሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ አንድ ደቂቃ አይወስድም። ያልተጠየቀ ጊዜ ግን ወንድምና እህት ለዓመታት ሲኮራረፉ አይተናል።

4. ኒካሕና ፍቺ

ኒካሕ የሚቆመው በቃል ነው። ወሊዩ «ዳርኩህ» ይላል፤ ሙሽራው «ተቀበልሁ» ይላል፤ ምስክሮችም ይሰማሉ። ሁለት ቃል ሁለት ቤተሰብን አንድ ያደርጋል። ያው ምላስ ደግሞ በአንድ ቃል ሊያፈርሰው ይችላል።

የፊቅህ ሊቃውንት የፍቺን ቃል በሁለት ይከፍሉታል። ግልጹ «ሰሪሕ» ይባላል፤ ፈትቼሻለሁ እንደ ማለት ያለ ነው። ስውሩ «ኪናያ» ነው፤ «ወደ እናትሽ ቤት ሂጂ»፣ «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም» እንደ ማለት ያለ ሲሆን የተናጋሪው ኒያ ይጠየቃል። ግልጹ ቃል ግን በቀልድ እንኳ ቢነገር እንደ ቁም ነገር እንደሚቆጠር በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ዘገባ ተላልፏል። ኒካሕና የተፈታችን ሚስት መመለስም እንዲሁ በቀልድ የማይነካኩ ናቸው።

ታዲያ ወጥ ረጋ ወይም ልጅ አለቀሰ ብሎ ይህን ቃል እንደ ዱላ የሚያነሳ ባል ምን ይባላል? ለማስፈራራት ብሎ ይጥለዋል፤ ማታ ሲበርድለት ደግሞ ኢማሙን ፍለጋ ይሮጣል። «በንዴት ነው ያልኩት፤ የተናገርኩትም በትክክል ትዝ አይለኝም» ይላል። ሚስቲቱ አንድ ቃል ሰምታለች፤ እርሱ ሌላ ቃል ተናግሬያለሁ ይላል፤ ልጆች በር ላይ ቆመው ያያሉ። እንዲህ ዓይነት ነገር የገጠማችሁ በራሳችሁ አትፍረዱ፤ ቃሉን እንዳለ፣ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ለዐዋቂ ዓሊም አቅርቡ። ያልገጠማችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ከራሳችሁ ጋር ቃል ግቡ፤ ይህ ቃል በቤታችን ውስጥ ለጠብ ማድመቂያ አይነሳም በሉ። ጠብ ቢመጣ «ተናድጃለሁ፤ አሁን መናገር አልችልም፤ ውዱእ አድርጌ ልመለስ» የሚል ቃል አለ። እውነት ነው፤ ግልጽ ነው፤ ማንንም አይሰብርም።

5. «እሺ» እና «ኢንሻአላህ»

በአገራችን «እሺ» ብዙ ትርጉም አለው። «እሺ» ማለት «አደርገዋለሁ» ነው፤ «ሰምቼሃለሁ» ነው፤ አንዳንዴም «አላደርገውም፤ ግን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ከበደኝ» ነው። ይህን የመጨረሻውን «እሺ» ተቀብሎ የሄደ ሰው ሥራውን ትቶ ይጠብቃል፤ ሌላ ሰው አይጠይቅም፤ በመጨረሻም ያዝንብናል። በእውነቱ «ወንድሜ፣ በዚህ ሳምንት አይመቸኝም» ብንለው ኖሮ ለአንድ ደቂቃ ቢከፋው ነው።

ከዚህ የከፋው የ«ኢንሻአላህ» ነገር ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ከህፍ (18፥23-24) ነገ ይህን አደርጋለሁ ስንል በእርሱ ፈቃድ ላይ እንድናንጠለጥለው አዝዞናል። ይህ ቃል የሚባለው ቁርጥ ሐሳብ ላለው ነገር ነው። ሰውዬው ሊያደርገው ወስኗል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ግን ለጌታው ይተዋል። እኛ ዘንድ ግን መሸሻ ሆኗል። ልጆቻችን እንኳ «አባቴ ኢንሻአላህ ካለ አይገዛልኝም» ማለት ጀምረዋል። ሱብሓነላህ! የአላህ ስም ያለበትን ቃል የእምቢታ መጠቅለያ አድርገን ለልጅ ማስተማር ምን ያህል ከባድ ነው!

በልጆች ነገር ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዴት ይጠነቀቁ እንደነበር አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዓሚር ሕፃን ሳሉ እናታቸው «ና፣ ልስጥህ» ብለው ጠሯቸው። ነብዩ ምን ሊሰጡት እንዳሰቡ ጠየቁ። ቴምር እንደሆነ ሲነገራቸው፣ ምንም ባይሰጡት ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባቸው እንደነበር ገለጹላቸው። ልጅ ለማባበል የተነገረች አንዲት ቃል!

ስለ ጊዜና ስለ ቀንም አንድ ነገር ልጨምር። «አሁን መጣሁ»፣ «ደርሻለሁ» እያልን ገና ከቤት ሳንወጣ በስልክ የምንናገረውን እንተወው። ሳንዋሽም እንሳሳታለን። በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ጠዋት ሲሆን በውጪው ሰዓት 8 ነው። ለመንገደኛ «አውሮፕላንህ በ8 ሰዓት ነው» ስንለው የትኛው 8? የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት በኢትዮጵያ» ብሎ መጨረስ ነው። «ዓመት» ስንልም እንዲሁ። የዘካ ዓመት የሚቆጠረው በጨረቃ ነው፤ 354 ቀን ገደማ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የምትቆጥረው አራት ወር ከአሥር ቀንም በሒጅራ ወራት ነው። ብድር ስትዋዋሉ «በዓመቱ» ከማለት «እስከ ጥር 30 ቀን» ብትሉ ነገ አትጨቃጨቁም።

6. ለእያንዳንዱ ሰው የሚገባው ቃል

ግልጽ እንሁን ስንል ግን «እኔ ፊት ለፊት ነኝ፤ እውነቱን ነው የምናገረው» እያልን ሰውን እንስበር ማለታችን አይደለም። ግልጽነት ሌላ፣ ግልምጫ ሌላ። ቁርኣን የንግግርን ዓይነት በሰዎች ሁኔታ ልክ ይሰፍርልናል።

ለአማኞች በጠቅላላ «ቀውለን ሰዲዳ» ብሏል (አል-አሕዛብ 33፥70)፤ ኢላማውን የማይስት ቀጥተኛ ቃል ማለት ነው።

ለወላጆች «ቀውለን ከሪማ» ብሏል (አል-ኢስራእ 17፥23)፤ የክብር ቃል ነው። እዚያው «ኡፍ» ማለት እንኳ ተከልክሏል። «ኡፍ» ትርጉም ያለው ቃል እንኳ አይደለም፤ ትንፋሽ ነው። የሸመገሉ አባት አንዱን ነገር አምስት ጊዜ ሲጠይቁን «ነገርኩህ እኮ!» ከማለት «አባባ፣ አዎ፣ ነገ ነው የምንሄደው» ብሎ አምስተኛውንም እንደ መጀመሪያው መመለስ ከሪም ቃል ነው።

የምንሰጠው ሳይኖረን ለሚለምነን «ቀውለን መይሱራ» ብሏል (17፥28)፤ ገር ቃል ነው። ኪስ ባዶ ሲሆን ምላስ መክበድ የለበትም። እንዲያውም በሱረቱል በቀራህ (2፥263) መልካም ንግግር ማስቀየም ከሚከተለው ሰደቃ እንደሚበልጥ ተነግሯል።

ለፊርዐውን እንኳ ሳይቀር ሙሳና ሃሩን (ዐ.ሰ) «ቀውለን ለዪና» እንዲናገሩ ታዘዋል (ጣሃ 20፥44)፤ ለስላሳ ቃል ነው። የእኛ ጎረቤት፣ የእኛ አማት፣ የእኛ የሥራ አለቃ ከፊርዐውን አይከፋም። እኛም ከሙሳ (ዐ.ሰ) አንበልጥም። ልብ በሉ፤ ለስላሳ ይሁን የተባለው ቃሉ ነው። መልእክቱ አልተቀነሰም፤ ሐቁም አልተሸፈነም።

ሲሳሳቱ ለማረምም ምሳሌ አለን። ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም (ረ.ዐ) ሕጉን ሳያውቁ በሰላት ውስጥ ሆነው ለሚያስነጥስ ሰው መልስ ሰጡ። ሰዉ በዓይኑ ገላመጣቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሰላቱ ሲያበቃ ሳይቆጡ፣ ሳይመቱ፣ ሳይሰድቡ ሰላት የሰዎች ንግግር የሚቀላቀልበት እንዳልሆነና ተስቢሕ፣ ተክቢርና ቁርኣን የሚነበብበት መሆኑን ነገሯቸው። ሙስሊም የዘገቡት ይህ ሐዲስ ሁለት ነገር ያሳየናል። እርማቱ ሰውየውን አላዋረደም፤ ነገር ግን ምን እንደተሳሳቱና ትክክሉ ምን እንደሆነ አንድም አልተድበሰበሰም። እኛ ልጃችንን «ደደብ! ሁልጊዜ እንዲህ ነህ!» ስንለው ምን እንዳጠፋ አልነገርነውም፤ ማን እንደሆነ ነው የነገርነው። «ውኃውን ሳትዘጋ ሄድህ፤ ሁለተኛ ስትወጣ ዝጋው» ብንለው ግን ይገባዋል፤ ልቡም አይሰበርም። ምላስ አጥንት የላትም፤ አጥንት ግን ትሰብራለች።

7. ክፉ ወሬ ሲነገር

የቃል ምርጫ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በሞት ወሬ ላይ ነው። በአገራችን መርዶ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን አድርገው ይነግሩታል። ዛሬ በስደት ያለች ልጅ የአባቷን ሞት በሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ በስልኳ ላይ ከተለጠፈ ፎቶ ታነበዋለች። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም፤ «ኢና ሊላሂ» ብሎ ለማዘን የቸኮለ ዘመድ ነው የለጠፈው።

ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ምን እንዳደረጉ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውልናል። ባላቸው አቡ ጦልሐ ከቤት በሌሉበት የታመመ ልጃቸው ሞተ። ኡሙ ሱለይም ቤተሰቡን «እኔ እስክነግረው ማንም እንዳይነግረው» አሉ። ባላቸው መጥተው ስለ ልጁ ሲጠይቁ ከበፊቱ ይልቅ መረጋጋቱን ነገሯቸው፤ እውነት ነበር። እራት አቀረቡላቸው። በኋላም በሙስሊም ዘገባ እንዳለው፣ ሰዎች ያዋሱትን ዕቃ መልሱልን ቢሉ መከልከል ይቻል እንደሆነ ጠየቋቸው። «አይቻልም» ሲሉ ያን ጊዜ ልጃቸው መሞቱን ገለጹላቸው። አቡ ጦልሐ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ነገሩን ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያቀርቡ ግን ለሁለቱም በረካን ለመኑላቸው።

ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። ወሬውን የሚነግር አንድ ሰው ይወሰን። የቅርብ ቤተሰብ ሳይሰማ ማንም አይለጥፍ። ሩቅ አገር ላለ ሰው ከመደወላችን በፊት አጠገቡ የሚሆን ወዳጅ እንፈልግ። ስንነግረውም አንዋሽ። «ትንሽ አሞታል» እያልን ለሳምንት ማንከራተት ማዘን አይደለም፤ ለጉዞ ገንዘብ እንዲበደር፣ በከንቱም ተስፋ እንዲያደርግ ማድረግ ነው። አረጋግተን፣ አዘጋጅተን፣ በመጨረሻ ግን በግልጽ ቃል እንንገረው።

8. ከመናገር በፊት

ኢማም አን-ነወዊይ «አል-አዝካር» በተሰኘው መጽሐፋቸው እንዳስተማሩን፣ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ካልሆነለት ነገር ምላሱን መጠበቅ አለበት፤ መናገሩና ዝም ማለቱ እኩል ከሆነበትም ዝም ማለት ነው ሱንናው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአላህና በመጨረሻው ቀን ያመነ ሰው ወይ መልካም እንዲናገር ወይ ዝም እንዲል ማዘዛቸውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። እኔም በዚህ ላይ ተመሥርቼ አራት አጫጭር ጥያቄዎች ልተውላችሁ።

አንደኛ፣ የምናገረው እውነት ነው? አጣርቻለሁ?

ሁለተኛ፣ መናገሩ ለማን ይጠቅማል? አሁን ነው ወይስ በኋላ?

ሦስተኛ፣ ይህ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ምን ይረዳል? ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል?

አራተኛ፣ ያንኑ ሐሳብ የሚያደርስ ከዚህ የተሻለ ቃል አለ?

አራተኛውን ጥያቄ አቅልላችሁ አትዩት። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ (17፥53) ባሮቹ መልካም ቃል ብቻ ሳይሆን ከሁሉ ያማረውን እንዲናገሩ አዟል፤ ሰይጣን በመካከላቸው እንደሚያበላሽም አስጠንቅቋል። ሰይጣን በወንድማማቾች መካከል የሚገባው ብዙውን ጊዜ በትልቅ በር አይደለም፤ በተድበሰበሰች አንዲት ቃል ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን እንድፈነው።

ዛሬ ማታ በየቤታችሁ አንድ ነገር እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። በእናንተና በሌላ ሰው መካከል ስሙ ያልታወቀ ገንዘብ፣ ያልተቆረጠ ቀጠሮ፣ ወይም «በኋላ እንነጋገራለን» የተባለ ነገር ካለ ስልክ አንሱና በስሙ ጥሩት። ብድር ከሆነ ብድር፣ ስጦታ ከሆነ ስጦታ በሉት። ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ ብትነጋገሩ ይሻላል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ያልወጣው ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ቀብር ይወርዳል።

አላህ (ሱ.ወ) አንደበታችንን ያቅናልን፤ ከምላስ ጥፋት ይጠብቀን፤ ቃላችንን ሥሩ እንደ ጸና፣ ቅርንጫፉ ወደ ሰማይ እንደ ዘለቀ መልካም ዛፍ ያድርግልን። በስደት ያሉ እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን በሰላም ወደየቤታቸው ይመልስልን። የተጣሉትን ያስታርቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወአሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።